ጉግሳ እግድ ሊያደርስ የሄደ ለት

ባሌ ጉግሳ ክፉ ወሬ መናገር አይሆንለትም። እንዲያው አይሆንለትም! ምላሱ ክፉ ወሬ ላይ ሲደርስ ይተሳሰራል። አንድ ቀን ዶሮዬን ድመት በልታብኝ ኖሮ፣ ያየው እሱ ነው። ከምሳ በኋላ ጀመረልኝ፤ "በለጡ፣ እግዚአብሔር ፍጥረትን ሲፈጥር…" ብሎ። ኖኅ መርከብ እስኪሠራ ጀምበር አዘቀዘቀች። ዶሮዋም ገባች፣ ድመቷም ገባች፣ ውሃው መጣ፣ ውሃው ጎደለ፣ እርግቧ ቅጠሏን ይዛ ስትመለስ እኔ ቆጡ ሥር ላባ አየሁ።

"ጉግሳ፣ ዶሮዬ ተበላች?"

"እንግዲህ ምን ይደረግ በለጡ፣ ወደዚያው እየመጣሁ ነበር" አለኝ።

ይህ ሰው እንግዲህ ሥራው ምን መሰላችሁ? የፍርድ ቤት መልእክተኛ! መጥሪያ፣ ቤት ልቀቅ፣ ዕዳ ክፈል፣ ንብረትህ ታግዷል፣ እንዲህ ያለውን ሁሉ እየዞረ ለሰው የሚያድል። እግሩ ረጅም ነው፣ ፊደልም ያውቃል ብለው ቀጠሩት። ምላሱን የጠየቀው የለም። አንበሳ ያለበት ኮፍያ ሰጡት፤ ኮፍያውንስ ይወደዋል! ማታ ማታ አቧራ እንዳይነካው በነጭ ሻሽ ጠቅልሎ ነበር የሚያሳድረው።

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ሁሉ "አንተ" ነው። ልጅ አባቱን አንተ ይላል፣ ከፊራ ገበያ ያለችው ሎሚ ሻጭ ሹሙን አንተ ትላለች፣ የሚቀየምም የለም። ጉግሳ ግን የመንዝ ሰው ነው። በባቡር ከመጣ ስንት ዘመኑ፣ ያ የመንዝ ትሕትናው አለቀቀውም። ለሱ ሰው ሁሉ "እርስዎ" ነው። የጎረቤታችንን የፋዱሞን ፍየል ሳይቀር መንገድ ላይ አግኝቷት "ይለፉ" ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንዴ ለአንዲት ባልቴት ቤት ልቀቂ የሚል ትእዛዝ ይዞ ሄደ። ማታ ሲመጣ እስከ ክንዱ ጭቃ ነው። ለካ የባልቴቲቱን ግድግዳ ሲመርግ ነው የዋለው፤ ትእዛዙም እኪሱ ውስጥ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ሌላ ጊዜ ደግሞ በርስት ለሚካሰሱ ወንድማማቾች መጥሪያ ሊሰጥ ሄዶ አስታረቃቸው። በቀጠሮው ቀን ዳኛው ችሎት ተሰይሞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ከሳሽም የለ፣ ተከሳሽም የለ። ሁለቱም ሠርግ ላይ ነበሩ፣ ጉግሳም አብሮ።

ሬጅስትራሩ፣ ማለት የፍርድ ቤቱ መዝገብ ኃላፊ፣ ደረቅ ሰው ነው። ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ጉግሳን አስጠርቶ፣ "ስማ! ወረቀቱን ትሰጣለህ፣ ትመለሳለህ፣ ይኸው ነው። ይህ ወግ አያስፈልገውም፣ ምሳ አያስፈልገውም፣ እርቅ አያስፈልገውም። አንዴ ብትደግመኝ ኮፍያህን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ወደ ሚስትህ ትሄዳለህ!" አለው። ወደ ሚስትህ ማለት ወደ እኔ መሆኑ ነው፤ እኔ ምን ልሰጠው? የቤታችን እንጀራ የሚበላው በዚያች ኮፍያ ነበር።

ነገሩ የመጣው በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ተፈቀደ ተብሎ ሰው ሁሉ ሊቀመንበር መሆን ያማረው ጊዜ።

ያኔ በሰፈራችን በኩል የሙሴ ስታቭሮ ሳሙና ፋብሪካ ነበር። ሙሴ ስታቭሮ ግሪክ ይባላል እንጂ ድሬዳዋ ተወልዶ ድሬዳዋ ያረጀ ሰው ነው፤ ሲቆጣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ሱማሊኛውንም አንድ ላይ ነው የሚያፈላው። ክፉ ሰው አይደለም። ስስታም ነው፣ ሰማይ የሚያውቀው ስስታም! ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ሳሙና ሲያፈላ፣ ሲቆርጥ፣ ሲያሽግ ውሎ ማታ በላብና በጮማ ተለውሶ ይወጣል፤ መታጠቢያ ሳሙና ግን የለውም። በር ላይ ብብት ሳይቀር ይፈተሻል። ጎፈሬ ያለው ኦብሲዬ የሚባል ልጅ እግር ሠራተኛ አንድ ቀን ሳሙናውን ጎፈሬው ውስጥ ሸሽጎ ፍተሻውን አልፎ፣ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘው። ድሬዳዋ ዝናብ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚጥለው፤ ያን ቀን ለሱ ሲል ጣለ። አረፋው በግንባሩ ሲወርድ ሰዉ የሚጥል በሽታ ይዞት መስሎት ክብሪት እስከ መጫር ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጎፈሬም ይፈተሻል።

ማኅበሩ እንግዲህ የጠየቀው ይህን ነው፤ ለአንድ ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሳሙና። ሙሴ ስታቭሮ፣ "ዛሬ ሳሙና፣ ነገ ድስቱን፣ ከነገ ወዲያ ሚስቴን!" ብሎ እምቢ አለ። ሚስቱን እንኳ ማንም አልጠየቀም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኃይለጊዮርጊስ ደግሞ ትልቁን የሳሙና ድስት የሚያማስል፣ ድምፁ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ማዶ ሆኖ ወዲያ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። "ሰኞ ጠዋት ደወሉ ሲደወል ማንም እጁን አያነሳም!" ብሎ አወጀ። አድማ መሆኑ ነው።

ሙሴ ስታቭሮ ከአዲስ አበባ ጠበቃ በባቡር አስመጣ። ጠበቃው ቅዳሜ ዕለት ዳኛው ፊት ቀርቦ እግድ አወጣ። ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ሠራተኞቹ ሥራ እንዳያቆሙ፣ በር ላይም እንዳይሰበሰቡ። ወረቀቱ ግን ከሰኞ ደወል በፊት በሊቀመንበሩ እጅ መግባት አለበት። እጁ ካልገባ አያስረውም። የሚያደርሰው ማነው? ጉግሳ! ሌላው መልእክተኛ ወባ ይዞት ተኝቷል።

ቅዳሜ ማታ ገባ፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን ሆነሃል?"

"በለጡ፣ እግዚአብሔር ፍጥረትን ሲ—"

"ኖኅን ተወውና ንገረኝ!"

ነገረኝ። እኔም ተቀመጥኩ። ኃይለጊዮርጊስ ጎረቤታችን ብቻ አይደለማ፤ አበልጃችን ነው። የበኩር ልጃችንን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። "ያም ሆነ ይህ ትሰጠዋለህ" አልኩት። "እግዱን ያወጣኸው አንተ አይደለህ። ስጠውና ና። ኮፍያህን አስብ!"

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄደ። እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሆዱን እያሻሸ መጣ፣ ወረቀቱ እንዳለ የደረት ኪሱ ውስጥ ነው።

"እንዴት አድርጌ በለጡ? የሰው እንጀራ እየበላሁ እግድ እሰጣለሁ? ነውር አይደለም?"

"ሳትበላ አትሰጠውም ነበር?"

"ሳልበላማ 'ብላ' አሉኝ።"

ከሰዓት በኋላ ገፍቼ አስወጣሁት። ኃይለጊዮርጊስ ለሰኞ የሚናገረውን ንግግር መስታወት ፊት ቆሞ ይለማመዳል። የኔው ጉድ ቁጭ ብሎ አዳመጠ። አዳምጦስ ዝም አለ? "እዚህ ላይ ድምፅዎን ከፍ ቢያደርጉ መልካም ነው፣ እዚያ ደግሞ ትንሽ ዝም ይበሉ፣ ሰው እንዲያጨበጭብ" ብሎ አቃናለት! አድማ ሊያግድ የተላከ ሰው አድማውን አሳምሮለት መጣ። እኔ ያን ቀን ያልተናገርኩት ነገር የለም። ፋዱሞ በአጥር በኩል "በለጡ፣ ሰውዬውን ልትገድዪው ነው?" እስክትለኝ ድረስ።

አመሻሽ ላይ ተነሥቶ ነጠላውን ለበሰ። "እንዲህ ያለ ነገር አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም" አለኝ። "ሽማግሌ ይፈልጋል።" ሄዶም ሁለት ሽማግሌ ለመነ። አንዱ የእድራችን ዳኛ አቶ ወልደ ማርያም ነው። ሁለተኛው አብዲራህማን፣ ዕድሜውን በባቡር ላይ ትኬት ሲበሳ የኖረ ጡረተኛ፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ሆደ ባሻው። ሁለቱም እሺ አሉት። ኃይለጊዮርጊስ ወደ ፋብሪካ ሳይወጣ እንዲደርሱበት ማለዳ ጎሕ ሲቀድ እንሂድ ተባባሉ። ለሽምግልና ነጭ ይለበሳል፣ ነጭ እንልበስ ተባባሉ። ቀስ ብለን እናንኳኳ፣ መጀመሪያ እናስቀምጣቸው፣ ከዚያ ቀስ አድርገን እንንገራቸው ተባባሉ።

ማለዳ! በነጭ! ቀስ ብሎ ማንኳኳት! መጀመሪያ ማስቀመጥ! ሦስት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ይህ ነገር ምን እንደሚመስል አንዱ አይገባውም? በሩቅ አገር ሰው የሞተበት ቤት መርዶ የሚነገረው በሌላ በምን ኖሯል? ለዚያውም የኃይለጊዮርጊስ ሚስት የሺመቤት አንድ ወንድሟ ከጦሩ ጋር ኮንጎ ዘምቶ፣ ደብዳቤው ከጠፋ ከርሞ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወደ ሰማይ የምታንጋጥጥ ሴት ናት።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሄዱ። እኔም ዛሬስ ሳይሰጥ እንዳይመለስ ብዬ ተከትዬ አጥር ሥር ቆምኩ። አንኳኩ። የሺመቤት ከፈተች። ሦስቱን አየች፣ ነጩን አየች፣ አንገታቸውን ደፍተዋል።

"ምነው? በደህና?" አለች፣ እጇ ደረቷ ላይ።

እዚህ ላይ "በደህና ነው" ቢላት ምን ነበረበት! ጉግሳ ግን ደህና ያልሆነ ነገር ይዞ ደህና ነው አይልም። ኮፍያውን አወለቀና፣ "እስኪ መጀመሪያ ይቀመጡ እመቤቴ" አላት።

"ወንድሜን!" አለች። "ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ጋሻዬን!" መሬት ላይ ወደቀች።

"የለም፣ የለም እመቤቴ፣ አይዞዎት፣ ሁሉም ያልፋል" ይላል ጉግሳ። መርዶ ነጋሪ ሌላ ምን ይላል? አብዲራህማን ሰው ሲያለቅስ አይቶ አይችልም፤ ለምን እንደመጣ ረሳና "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ብሎ እንባውን ለቀቀው። ኃይለጊዮርጊስ በሸሚዝ ከጓዳ ወጣ፤ ሚስቱን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ በዚያ ድምፁ አንዴ ሲጮኽ ሰፈሩ በሙሉ ካልጋው ወረደ። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ለቅሶ ሰምቶ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይነፋል። ነፋው። ጡሩንባው ሲነፋ ደግሞ አቶ ወልደ ማርያም፣ አብሮ እግድ ሊያደርስ የመጣው አቶ ወልደ ማርያም፣ የእድር ዳኛነቱ ትዝ አለውና "ድንኳኑን አምጡ! አግዳሚውን! የቀረ ይቀጣል!" እያለ ማዘዝ ጀመረ።

ፋዱሞ የግመል ወተት ቅሏን እንዳንጠለጠለች ደረሰች። "ሆጋዬይ! ሆጋዬይ!" እያለች ደረቷን መታች፣ አለቀሰች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብላ "ማነው የሞተው?" አለችኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት የሺመቤትን አየኋት፤ ፀጉሯን ትነጫለች። እናቴ ትዝ አለችኝ። እኔ ማንም እንዳልሞተ እያወቅሁ ከፋዱሞ ብሼ አለቀስኩ! ለቅሶ ቤት የሚለቀሰው የየራስ ነው፤ የሟቹ ነገር ሰበብ ነው።

ጉግሳ ላብ በላብ ሆኖ በሰው መሐል ይሽሎከለካል።

"አበልጄ፣ ማንም አልሞተም" ይለዋል ኃይለጊዮርጊስን።

"አውቃለሁ!" ይላል ኃይለጊዮርጊስ ደረቱን እየደቃ። "ጀግና አይሞትም!" ሰዉ ይህን ሰምቶ እንደገና ያለቅሳል።

ወደ የሺመቤት ይዞራል። "እመቤቴ፣ ወንድምዎ ደህና ናቸው።"

"አዎ፣ ከመላእክት ጋር ደህና ነው" ብላ ትወድቃለች።

የፋብሪካው ደወል ተደወለ። የሰማው የለም። የሳሙና ፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ የእድሩ አባል ነው፤ ሁሉም ድንኳኑ ውስጥ ነው። አድማውን የረሳው መጀመሪያ ራሱ ሊቀመንበሩ ነው። ሙሴ ስታቭሮ መጥቶ ቢያይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ድስቱ በርዷል፣ ፈታሹም ለቅሶ ሄዷል። "አድማ! እግዱን ረገጡት!" ብሎ ጠበቃውን መኪናው ላይ ጭኖ እየበረረ መጣ። ድንኳኑን ሲያይ መኪናዋን አቆመ። "የየሺመቤት ወንድም ነው አሉ፣ ኮንጎ" አለው አንዱ። ሙሴ ስታቭሮ ባርኔጣውን አወለቀ። አገሩ ድሬዳዋ ነው፣ ለቅሶ ያውቃል። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ እንደማይመጣም ያውቃል፤ ግን በዚያ ጠዋት ከየት ያምጣ? ለሾፌሩ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረው። መኪናዋ ሄዳ አንድ ትልቅ ሳጥን ሳሙና ጭና ተመለሰች።

ሴቶቹ ሳሙናዋን ንፍሮ እንደሚታደል አደሏት፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ። ሠራተኛው በአንድ እጁ ሳሙና በአንድ እጁ ነጠላ ይዞ ያለቅሳል። ኦብሲዬ ልማድ ሆኖበት የሱን ጎፈሬው ውስጥ ሲሸጉጣት አየሁት። ጠበቃው ቆሞ ቢያይ ቢያይ እሱም ሰው ነው፣ አዲስ አበባ የቀሩት ልጆቹ ናቸው መሰለኝ ትዝ ያሉት፣ መሐረቡን አወጣ። ረፋድ ላይ ዳኛው ራሱ መጣ፤ ሚስቱ የእድሩ አባል ናት። ሬጅስትራሩም ተከትሎት መጥቶ ሙሴ ስታቭሮ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ለቅሶው ሲበርድ የሺመቤት ቀና አለች። ድምጿ ተዘግቷል። "እንግዲህ ንገሩኝ" አለች። "እንዴት ሆኖ ሞተ? በጥይት ነው? በበሽታ ነው? ምንም አትደብቁኝ።"

መርዶ ያመጣ ሰው ይህን መናገር አለበት፣ ደንብ ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ ጉግሳ ዞረ። ዳኛው ሳይቀር ዞረ። ጉግሳ ድንኳኑ መሐል ቆሞ ኮፍያውን ያሽከረክራል። ኖኅ ቢልስ? ኖኅም አልመጣለትም። እጁን ደረት ኪሱ ሰደደ፣ ወረቀቱን አወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ማንበብ ጀመረ።

"ከሳሽ፣ የሳሙና ፋብሪካው ባለቤት ሙሴ ስታቭሮ…"

"ወይኔ!" አለች አንዲት አሮጊት ከኋላ።

"ተከሳሽ፣ የሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ኃይለጊዮርጊስ…"

"እኔን! እኔ ልከሰስ!" አለ ኃይለጊዮርጊስ፣ ለቅሶ ላይ 'እኔ ልሙት' እንደሚባለው መስሎት።

"ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ሠራተኞቹ ሥራ እንዳያቆሙ…" እዚህ ላይ አብዲራህማን ብቻ ነበር የሚያለቅሰው። "…በፋብሪካው በርም እንዳይሰበሰቡ ታግደዋል።"

የፋዱሞ ፍየል ድንኳኑ ጫፍ ላይ ሳሙና ቀምሳ ስታስነጥስ ተሰማ።

"ወንድሜስ?" አለች የሺመቤት።

"ስለ እርሳቸው ምንም የሰማሁት ነገር የለም እመቤቴ።"

የሺመቤት ቀስ ብላ ተነሣች። ጫማዋን አወለቀች። የፍርድ ቤቱን መልእክተኛ በዳኛው ፊት፣ በሬጅስትራሩ ፊት፣ ድንኳኑን ሁለት ጊዜ እያዞረች በጫማ ነዳችው! ጉግሳ ይሮጣል፣ እየሮጠም "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቀስ ይበሉ፣ ገመድ አለ፣ እንዳይጠልፍዎ" ይላታል። ገመዱ ራሱን ጠለፈው። የሺመቤት ከላዩ ቆማ ጫማዋን አነሣች፤ ከዚያ እጇ እንደተነሣ ቀረና ሳቅ መጣባት። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ሳቀች፣ በመጨረሻ እልል አለች። ወንድሟ አልሞተም! እኛም ተቀበልናት። ለቅሶ ቤት እንዲያ ያለ እልልታ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም።

ነገር ግን በዚህ መች አለቀ! በማግስቱ ጠበቃው ችሎት ቀረበ። "መልእክተኛው ጎሕ ሲቀድ ከተከሳሹ ቤት ነበር፤ ስለዚህ ትእዛዙ ከደወሉ በፊት ደርሶታል። ደርሶት ሳለ ሥራ አስቁሟል። ትእዛዝ ጥሷልና ይታሰርልን" አለ። ኃይለጊዮርጊስ የተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ቆሟል፤ የሺመቤት ወንድሟ ተርፎ ባሏ ሊታሰርባት ነው። ጉግሳ ሰጥቻለሁ ካለ አበልጃችን ወህኒ ይወርዳል። አልሰጠሁም ካለ ኮፍያው ይሄዳል። ሬጅስትራሩ በረንዳው ላይ ጉግሳን ጠራው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። "ሰጥቻለሁ በል" አለው። "አንዲት ቃል ናት። ኮፍያህ ይተርፍልሃል።" ጉግሳ ወደኔ አየ። እኔ ምን ልበለው? የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ።

ዳኛው ጠራው። "ከደወሉ በፊት ትእዛዙን በእጁ ሰጥተኸዋል ወይስ አልሰጠኸውም?"

አሁን ኖኅን ሊጀምር ነው፣ መርከቡ እስኪያልቅ ሁላችንም ልናረጅ ነው ብዬ ነበር።

"አልሰጠሁም" አለ።

በቃ! ቀጥ ብሎ፣ እንደ ሬጅስትራሩ! ከተጋባን ጀምሮ ከአፉ ክፉ ወሬ በአንድ ቃል ሲወጣ ያን ለት ነው የሰማሁት፤ ክፉ ወሬነቱም ለራሱ ነበር። በኩራትም በንዴትም ውስጤ ተቃጠለ።

"እንግዲያስ ያልደረሰው ትእዛዝ አያስረውም" አለ ዳኛው። "የሰኞውም መቅረት ለቅሶ ነበር እንጂ አድማ አልነበረም።"

"ጌታዬ፣ የሞተ ሰው እኮ የለም!" አለ ጠበቃው።

"እርስዎም አልቅሰዋል፤ አይቼዎታለሁ" አለው ዳኛው።

ሙሴ ስታቭሮ ተነሥቶ ክሱን ተወ። ያን ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በታደለው ሳሙና ታጥቦ ነጽቶ ሥራ ገብቶ ኖሯል። "ፋብሪካዬ ዛሬ ገና ሳሙና ሳሙና ሸተተኝ አቦ!" አለ። "ይሁን፣ በሳምንት አንድ። ወላሂ፣ እምቢ ካልኩ ደግሞ ሌላ ሰው ይሞትባቸዋል።"

ኃይለጊዮርጊስ ጉግሳን አቅፎ ከመሬት አነሣው። ሰዉ ጨፈረ። እኔ ግን ኮፍያውን እያየሁ ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ማለዳ ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ቀስ ተብሎ። ከፈትኩ። አቶ ወልደ ማርያም፣ አብዲራህማን፣ በመሐላቸው ሬጅስትራሩ! ያ "ወረቀቱን ትሰጣለህ፣ ትመለሳለህ" ሲል የነበረው ሰውዬ በሱፍ ልብሱ ላይ ነጭ ኩታ ደርቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

"እስኪ መጀመሪያ ተቀመጪ" አለኝ።

"ኮፍያውን!" አልኩ። "ወይኔ ኮፍያውን! ወይኔ እንጀራዬን!" ደረቴን መታሁ። ፋዱሞ በአጥር ዘላ መጣች።

ጉግሳ ወጣ፤ እጅ ነሣቸው፣ አስገባቸው፣ ለሬጅስትራሩ ወንበሩን በነጠላው ጠረገለት። ሬጅስትራሩ ተቀመጠና ስለ ሙቀቱ አወራ። ደንገጎ ተራራ ላይ ደመና ስለመታየቱ አወራ። ደመና ከተነሣ ስለ ዝናብ አወራ። ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ፣ "መቼስ ጉግሳ፣ ዝናብ ማለት… በኖኅ ዘመን…" ሲል ጉግሳ ተነሥቶ ጓዳ ገባ። ኮፍያውን በነጭ ሻሹ እንደተጠቀለለች ይዟት ወጣ። በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የሬጅስትራሩ ጉልበት ላይ አስቀመጣት።

"ጌታዬ አይጨነቁ" አለው። "ከሥራ ተሰናብቻለሁ። በቃ፣ እኔው ነገርኩልዎ።"

ሬጅስትራሩ፣ ያ ደረቅ ሰው፣ ኮፍያዋን አቅፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አብዲራህማንማ ቀድሞ ጀምሯል። ያኔ እኔም ስለ እንጀራው ማልቀሴን ተውኩና ስለ ባሌ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ሰው አግብቼ ነው ለካ በየቀኑ ስጮኽበት የኖርኩት!

ጡሩንባ ነፊው ደግሞ ጩኸቴን ሰምቶ ኖሯል። መች ይጠይቃል! ነፋው። ድንኳን መጣ፣ አግዳሚ መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ለአንዲት ኮፍያ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጥን። የሳሙና ፋብሪካው ሠራተኛ ማታ ማታ ከሥራ በቀጥታ ይመጣል፤ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይመጣምና እያንዳንዱ የሳምንት ሳሙናውን ይዞ። ኦብሲዬ የሱን ከጎፈሬው አውጥቶ ሰጠን። የሺመቤት ሁለት አመጣች፤ አንደኛዋ ስለ ጫማው ነው አለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ቤታችን ውስጥ መተኛ ቦታ ጠፍቶ በሳሙና ላይ ነው ያደርነው።

በዚያ ሳሙና ጉግሳ ከፊራ ላይ ንግድ ጀመረ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ነጋዴስ ሆኗል፣ ደንበኛም አያጣም። ግን ዋጋ የጠየቀችውን ሴት ሁሉ በርጩማ ይስብላትና፣ "እስኪ መጀመሪያ ይቀመጡ እመቤቴ" ይላታል።